ጥሬ ሥጋ ስንበላ የበሬው ዲኤንኤ የት ይገባል?

ቁርጥ ወዳጅ | ቅዳሜ ማታ 2:15

ሰላም ለዚህ ቤት። ዛሬ ከጓደኞቼ ጋር ሥጋ ቤት ተቀምጠን ነበር። ቁርጥ፣ አዋዜ፣ ሚጥሚጣ፣ እንደ ወጉ። ወሬው እንዴት እዚያ እንደደረሰ አላውቅም፣ አንዱ ጓደኛችን ዘረመሉ ስለተቀየረ በቆሎ አነሳና «እሱን ከበላህ ጂኑ ሰውነትህ ውስጥ ገብቶ ይቀራል» አለ። እኔም አፌ ላይ እንደመጣልኝ «እንደዚያማ ቢሆን በዚህ ሁሉ ጥሬ ሥጋ እስካሁን ቀንድ አላበቅልም ነበር?» አልኩት። ሁሉም በሳቅ ፈረሰ። ክርክሩን የረታሁ መሰለኝ።

ቤት ስገባ ግን ነገሩ ከነከነኝ። እውነት ቀንድ ለምን አላበቀልኩም? ሥጋው አልበሰለም። የበሬውን ሴል ከነዲኤንኤው ነው የዋጥኩት። ትምህርት ቤት እንደተማርነው ደግሞ የበሬውም የእኔም ዲኤንኤ የተጻፈው በእነዚያው አራት ፊደላት (ኤ፣ ቲ፣ ጂ፣ ሲ) ነው። ፊደሉ አንድ ከሆነ ሴሌ «ይሄ የእኔ፣ ይሄ የበሬ» ብሎ በምን ይለያል? የሚያውቅ ያስረዳኝ። ሐሙስ ከዚያው ጓደኛዬ ጋር እንገናኛለን፣ ባዶ እጄን መሄድ አልፈልግም።

የፒያሳ ልጅ | ቅዳሜ ማታ 2:21

ቀንዱ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው ወንድሜ። ለማንኛውም ኮፍያ ግዛ።

የላብ ልጅ | ቅዳሜ ማታ 3:05

ኮፍያውን ተወው። ጥያቄህ ግን ጥሩ ነው። ሞለኪውላር ባዮሎጂ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው፣ እንጀራዬ ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝርልህ።

በመጀመሪያ አንጀትህ ውስጥ ማንም «የማን ነው?» ብሎ አይጠይቅም። የጨጓራ አሲድ ሴሉን ያፈርሰዋል። ከዚያ ቆሽት ዲኤንኤን የሚበጣጥስ ኢንዛይም ወደ ትንሹ አንጀት ይለቃል። የበሬው፣ የሰላጣው፣ የጤፉ፣ የእርሾው፣ የዚያ በቆሎም ዲኤንኤ አንድ ላይ ተፈጭቶ ወደ ነጠላ ፊደልነት ይወርዳል። አንድ ሙሉ መጽሐፍ ተበትኖ ወደ ፊደል ገበታ ተመለሰ በለው። ፊደሎቹን ሰውነትህ ይጠቀምባቸዋል፣ ታሪኩ ግን ጠፍቷል። በዚህ በኩል ቁርጥም ክትፎም ጥብስም ዕጣቸው አንድ ነው። ከጥሬ ሥጋ የሚያሰጋህ ዲኤንኤው ሳይሆን ኮሶው ነው።

አይዋጥልኝም | ቅዳሜ ማታ 3:32

እህቴ፣ «ሁሉም ይፈጫል» አትበይ። በ1990ዎቹ ጀርመን አገር ኮሎኝ ውስጥ የዋልተር ዶርፍለር ቡድን አይጦችን የቫይረስ ዲኤንኤ አብልቶ ቁርጥራጩን ደማቸው ውስጥ አግኝቷል። ይሄን ለምን አትነግሩንም? ሁሌ ግማሹን ብቻ።

የላብ ልጅ | ቅዳሜ ማታ 3:50

ልክ ነህ፣ «ሁሉም» ማለት አልነበረብኝም። ሥራው እውነተኛ ነው። ከተበላው ጥቂቱ ቁርጥራጭ ደም ውስጥ ደርሷል፣ ነጭ የደም ሴሎች ውስጥም ታይቷል። አንተም ግን ቀሪውን ግማሽ ጨምርበት። አብዛኛው በሰዓታት ውስጥ ጠፋ። ከዚያ ይኸው ቡድን አይጦችን ለስምንት ትውልድ ባዕድ ጂን እየመገበ ተከታተለ። ጂኑ ሲሠራም ወደ ልጆች ሲተላለፍም አላገኘም።

ስለዚህ የቁርጥ ወዳጅ ጥያቄ አሁን ነው የሚጀምረው። በሩን አልፎ የገባውን ማን አስቀረው?

ቁርጥ ወዳጅ | ቅዳሜ ማታ 3:58

እሱን ነው የምለው! ደግሞ ባክቴሪያ ጨጓራ የለው፣ ቆሽት የለው። እሱስ ምን ይውጠው?

የላብ ልጅ | እሑድ ጠዋት 4:10

ትናንት እንቅልፍ ጣለኝ። ባክቴሪያው ይብስበታል። ፋጅ የሚባሉ ቫይረሶች ይለጠፉበትና ዲኤንኤአቸውን እንደ መርፌ ይወጉታል። ያ ዲኤንኤ ከተነበበ ሴሉ በግማሽ ሰዓት ገደማ ውስጥ የፋጅ ፋብሪካ ሆኖ ይፈነዳል። ስለዚህ ባዕዱን ቶሎ መለየት ለእሱ የሞት የሽረት ጉዳይ ነው።

ወደ ሥጋ ቤትህ ልመልስህ። ከቄራ የወጣ ሥጋ ላይ የቀለም ማኅተም አይተሃል አይደል? ተቆጣጣሪው ሥጋውን አይቀምሰውም። ማኅተም አለው? ይለፍ። የለውም? ይወረሳል። ባክቴሪያም የራሱን ዲኤንኤ እንደዚያ ያትማል። ማኅተሟ ሜቲል የምትባል ቅንጣት ናት፤ አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅን፣ በቃ። ፊደሉን አትቀይረውም፣ ላዩ ላይ ትለጠፋለች እንጂ።

በምሳሌ ላሳይህ። ኢኮ አር 1 የሚባል ኢንዛይም አለ። ጂ-ኤ-ኤ-ቲ-ቲ-ሲ የሚል ባለ6 ፊደል ቃል ሲያገኝ ሁለቱንም የዲኤንኤ ክር ይቆርጣል። አብሮት የሚኖር ሌላ ኢንዛይም ደግሞ ያንኑ ቃል እየፈለገ ሁለተኛዋ «ኤ» ላይ ማኅተም ይመታል። ማኅተም ያለበትን መቁረጫው አይነካም።

አሁን ሒሳቡን አስበው። ፊደሉ 4፣ ቦታው 6፤ 4ን በራሱ ስድስት ጊዜ ስታባዛው 4,096 ይመጣል። ቃሉ በአማካይ በየ4,096 ፊደሉ አንዴ ይገኛል ማለት ነው። የአንጀታችን ባክቴሪያ የኢ. ኮላይ ዲኤንኤ ደግሞ 4.6 ሚሊዮን ፊደል ገደማ አለው። ይሄን መቁረጫ የያዘ ሴል በስሌቱ አንድ ሺህ አካባቢ ቦታ ላይ ማኅተም ካልመታ ራሱን በራሱ ያርዳል። ላምዳ የሚባለው ፋጅ 48,502 ፊደል ነው። በስሌቱ ወደ 12 ቦታ መቆረጥ ነበረበት፣ በተግባር ግን 5 ቦታ ነው የሚቆረጠው። ለመሞት 5 ይበቃዋል።

እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ግን የመባዛቱ ሰዓት ነው። ሴሉ ዲኤንኤውን ሲያባዛ አሮጌው ክር ከነማኅተሙ ይቆያል፣ አዲሱ ክር ባዶውን ይወጣል። መቁረጫው በአንድ በኩል ማኅተም ካየ ይተወዋል። አታሚው ደርሶ ቀሪውን ይመታል። ባዕዱ ግን በሁለቱም በኩል ባዶ ነው።

ጡረተኛው መምህር | እሑድ ጠዋት 5:30

የኔ ልጅ፣ በደንብ አስረድተሻል። ሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ ሳስተምር ይሄን ያህል ጥርት አድርጌ መናገሬን እጠራጠራለሁ። ከተፈቀደልኝ ታሪኩን ልጨምር፤ ዓመተ ምሕረቱ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ነገሩ የጀመረው ከተሰበረ የመስታወት ቱቦ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሳልቫዶር ሉሪያ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በፋጅ ላይ ይሠራ ነበር። ከአንድ ዓይነት ኢ. ኮላይ የሚወጡት ፋጆች መደበኛው ኢ. ኮላይ ላይ ሲያርፉ አይራቡም። መካን ሆነዋል ብሎ አሰበ። አንድ ቀን የባክቴሪያው ቱቦ ተሰበረበት። እንደ ጎረቤት ጨው ከጁሴፔ ቤርታኒ ሺጌላ ተበደረ፤ ያው የተቅማጥ ባክቴሪያው። ፋጁ ሺጌላው ላይ እንደ ጉድ ተራባ! ለካ አልሞተም፤ ካረፈበት ባክቴሪያ ጋር ነው ያልተስማማው። ውጤቱን ከሜሪ ሂውማን ጋር በ1952 አሳተመ።

ቀጥሎ ጄኔቫ ላይ ቨርነር አርበር ምሥጢሩ ዲኤንኤው ላይ ባለ ምልክት መሆኑን አሳየ። በ1970 ሃሚልተን ስሚዝ መቁረጫ ኢንዛይሙን አጥርቶ አወጣ። ዳንኤል ናታንስ በዚያ መቀስ የቫይረስ ዲኤንኤ ቆርጦ ካርታውን አነሳ። ሦስቱም በ1978 ኖቤል ተሸለሙ።

ዘበኛው ፍጹም አለመሆኑንም አትርሱ። ከብዙ ሺህ ፋጅ አንዱ መቁረጫው ሳይደርስበት አታሚው ይደርስለታል። የዚያ ዕድለኛ ልጆች ሁሉ የዚያን ቤት ማኅተም ይዘው ይወለዳሉ፣ ጎረቤቱን ሴል ማንም ሳይጠይቃቸው ይገቡበታል።

የላብ ልጅ | እሑድ ቀን 7:02

ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ ይቅርታ ይደረግልኝና። የሉሪያ ፋጅ ነገር የማኅተሙ ተገላቢጦሽ ነው። እነዚያ ፋጆች «ሲ» የሚለውን ፊደል በሌላ ዓይነት «ሲ» ይተኩትና ስኳር ይለብሱበታል። መደበቂያቸው ናት። የሉሪያ ኢ. ኮላይ ስኳሩን ማልበስ የማይችል ሆኖ ፋጆቹ ራቁታቸውን ወጡ። መደበኛው ኢ. ኮላይ ደግሞ እንግዳ ጌጥ ያለበትን «ሲ» ለይቶ የሚቆርጥ ሌላ ኢንዛይም አለው። ሺጌላው ያ አልነበረውም። ስለዚህ ማኅተም የሌለውን የሚቆርጥም አለ፣ የማያውቀውን ማኅተም የሚቆርጥም አለ።

ጡረተኛው መምህር | እሑድ ቀን 7:20

ተቀብያለሁ። ተማሪ መምህሩን ሲያርም ደስ ይላል።

ማስተርስ 2ኛ ዓመት | እሑድ ማታ 1:44

ክሩን ስላቋረጥኩ ይቅርታ፣ ግን ስለ መቁረጫ ኢንዛይም የሚያውቅ ሰው አገኘሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እየተቃጠልኩ ነው። ፕላስሚዴን (ባክቴሪያ ውስጥ የምናሳድገው ትንሽ ክብ ዲኤንኤ ነው) በሁለት ኢንዛይም ነው የምቆርጠው። አንዱ ይቆርጣል። ኤክስባ 1 ግን እምቢ አለ። ቁራጮቹን በመጠን የሚለየው ጄል ላይ ሁለት መስመር መታየት ሲገባው ሁሌ አንድ ብቻ።

ሁሉም ሰው «ፍሪዘሩ ነው» ይለኛል። እኛ ጋ መብራት ሲጠፋ ፍሪዘሩም አብሮ ይጠፋል፣ ጄኔሬተሩ ደግሞ ነዳጅ የለውም። ኢንዛይሙ ሞቷል ብዬ ለምኜ ከሌላ ቦታ አዲስ አመጣሁ። በበረዶ ሣጥን፣ ታክሲ ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀምጬ። እሱም አልቆረጠም! አማካሪዬ እጄ ላይ ችግር እንዳለ ማሰብ ጀምሯል።

የላብ ልጅ | እሑድ ማታ 1:52

አይዞህ። የኤክስባ 1 ቃል ቲ-ሲ-ቲ-ኤ-ጂ-ኤ ነው። ከእሱ ቀጥሎ ፕላስሚድህ ላይ ያሉት ሁለት ፊደላት ምንድን ናቸው?

ማስተርስ 2ኛ ዓመት | እሑድ ማታ 2:10

ቲ-ሲ።

የላብ ልጅ | እሑድ ማታ 2:14

አንድ ላይ አንብበው። ቲ-ሲ-ቲ-ኤ-ጂ-ኤ-ቲ-ሲ። መጨረሻው ላይ ጂ-ኤ-ቲ-ሲ አለ፣ አየኸው?

ፕላስሚድህን ያሳደግክበት ኢ. ኮላይ ዳም የሚባል ኢንዛይም አለው። ጂ-ኤ-ቲ-ሲ ባገኘበት ሁሉ «ኤ»ዋ ላይ ማኅተም ይመታል። ለራሱ ጉዳይ ነው የሚመታው፤ ዲኤንኤ ሲባዛ የተሳሳተ ፊደል ከገባ የትኛው ክር አዲስ እንደሆነ በማኅተሙ ነው የሚያውቀው። ግን ያ ማኅተም ኤክስባ 1 የሚቆርጥበት ቦታ ላይ አረፈ። ኤክስባ 1 የመጣው ከሌላ ባክቴሪያ ነው። ማኅተም ያየበትን አይነካም። አንተ ሦስት ሳምንት ስትታገል የነበረው ከባክቴሪያ ዘበኛ ጋር ነው፣ እሱም ሥራውን በትክክል እየሠራ ነው።

ፍሪዘሩ ንጹሕ ነው። እጅህም ንጹሕ ነው።

ዳም የሌለው የኢ. ኮላይ ዘር ፈልግ፣ አጠገብህ ያለ ላብ አያጣውም። ፕላስሚዱን እዚያ አስገባ፣ አሳድግ፣ አውጣና እንደገና ቁረጥ።

ማስተርስ 2ኛ ዓመት | እሑድ ማታ 2:20

ዝም ብዬ ግድግዳ እያየሁ ነው።

ቁርጥ ወዳጅ | እሑድ ማታ 2:41

የእኔ በሬ ለሰው ጠቀመ ማለት ነው። ግን አንድ ነገር ግራ ገባኝ። እናንተ ራሳችሁ ፕላስሚድ «አስገባ» ትላላችሁ። ዘበኛው እያለ እንዴት ይገባላችኋል? ከገባስ በኋላ ዝም ብሎ ይባዛል?

የላብ ልጅ | ሰኞ ማታ 3:15

የምንጠቀምበት ባክቴሪያ ዘበኛው የተባረረ ነው። መቁረጫው በሚውቴሽን ጠፍቶለት ለላብ የተመረጠ ዘር ነው። እንደዚያም ሆኖ በልመና ነው የሚገባው። ሴሎቹን በካልሲየም ጨው አጥበን በረዶ ላይ 30 ደቂቃ ከፕላስሚዱ ጋር እናስቀምጣቸዋለን። ከዚያ 42 ዲግሪ ውሃ ውስጥ 45 ሰከንድ፣ ወዲያው ተመልሰው በረዶ። አምስት ሰከንድ ካሳለፍክ ይቆጭሃል። ቀጥሎ አምፒሲሊን የሚባል አንቲባዮቲክ ያለበት፣ ፕላስሚዱን የያዘ ሴል ብቻ የሚተርፍበት ሳህን ላይ ትቀባና 37 ዲግሪ ውስጥ ታሳድራለህ። ጠዋት ኢንኩቤተሩን ስትከፍት የሚሸት ሽታ አለ፣ የዚህ ሙያ ሰው ያውቀዋል። ነጫጭ ነጠብጣብ ካየህ ቀንህ ተቃና።

መግባትና መባዛት ግን ለየቅል ናቸው። አዲስ ሳለሁ ፕላስሚዴን ቆርጬ መልሼ መግጠሙን ረስቼ እንደተዘረጋ አስገባሁት። ሳህኑ ባዶ ሆነ። አንድም ነጥብ የለም። ምክንያቱ ይሄ ነው፦ የባክቴሪያው የራሱ ዲኤንኤ ክብ ነው፣ ጫፍ የለውም። ጫፍ ያለው ነገር ወይ ባዕድ ነው፣ ወይ የተሰበረ ነው። ሬክቢሲዲ የሚባል ማሽን ጫፉን ይይዝና በሰከንድ እስከ አንድ ሺህ ፊደል እየበላ ይሄዳል።

«ታዲያ የራሱ ክሮሞዞም ሲሰበርስ?» ትለኛለህ። ጥሩ። ኢ. ኮላይ ዲኤንኤው ላይ ካይ የሚባል ባለ8 ፊደል ቃል አንድ ሺህ ገደማ ቦታ ላይ ተጽፏል። ጂ-ሲ-ቲ-ጂ-ጂ-ቲ-ጂ-ጂ። ማሽኑ ሲበላ ሲበላ መጥቶ ይሄን ቃል ሲያገኝ «ለካ የራሴ ቤት ነው» ይልና ከመብላት ወደ መጠገን ይዞራል። አጭር የፋጅ ዲኤንኤ ላይ ካይ ላይኖር ይችላል። ካልኖረ እስከ መጨረሻው ተበላ።

ሦስተኛው የመነሻ ጉዳይ ነው። ዲኤንኤ ከመሃል ተነስቶ አይባዛም። «ከዚህ ጀምር» የሚል የታወቀ ቦታ ያስፈልገዋል፣ ያም የዚያ ቤት ማሽን የሚያነበው መሆን አለበት። መነሻ የሌለው ክብ ዲኤንኤ ቢገባ፣ ባይቆረጥ፣ ባይበላ እንኳ ሴሉ ለሁለት ሲከፈል አንዱ ጋ ይቀራል። ሁለቱ አራት ሲሆኑ አሁንም አንዱ ጋ ነው። በማግስቱ ከሚሊዮን ሴል መሃል ፈልገው እንግዲህ።

አይዋጥልኝም | ሰኞ ማታ 3:40

ይሄ ተዋጠልኝ። ክሪስፐርስ? ሁሉም ሰው እሱን ነው የሚያወራው።

ጡረተኛው መምህር | ሰኞ ማታ 4:05

ሁሉም ስለሚያወራው አሳጥረዋለሁ። ዘበኛው ማኅተም ከማየት አልፎ የሌባ ፎቶ ሲለጥፍ ነው። ባክቴሪያው ካጠቃው ፋጅ ዲኤንኤ ቁራጭ ወስዶ የራሱ ክሮሞዞም ላይ ያስቀምጣል። ያው ፋጅ ሲመለስ ከፎቶው ጋር ያመሳክርና ይቆርጠዋል። ይሄን በተግባር ያሳዩት በ2007 ዳኒስኮ የተባለው የምግብ ግብዓት ኩባንያ ተመራማሪዎች ናቸው፣ እርጎና አይብ በሚያረጋው ባክቴሪያ ላይ። ፋጅ የእርጎ ፋብሪካ ጠላት ነዋ!

የሚያስደንቀው ግን ሌላ ነው። ፎቶው ራሱ ከሌባው ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ ዘበኛው የራሱን ፎቶ ለምን አይቆርጥም? ምክንያቱም ከፋጁ ዲኤንኤ ላይ ከቃሉ ጎን አጭር ምልክት ይፈልጋል። ታዋቂው የክሪስፐር መቁረጫ ካስ9 ለምሳሌ ሁለት «ጂ» ካላየ አይቆርጥም። የተለጠፈው ፎቶ ጎን ያ ምልክት የለም።

ሌሊት ተረኛ | ማክሰኞ ሌሊት 8:20

ተረኛ ነኝ፣ ክፍሉ ጸጥ ብሏል፣ ይሄን ክር ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ስለ ባክቴሪያው በቂ ተብሏል። አንድ ጨለማ ጎኑን ብቻ ልጨምር። መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች መከላከያውን ጂን ብዙ ጊዜ የሚያገኙት ከጎረቤት በፕላስሚድ ነው። በ2010 የወጣ ጥናት ኢንተሮኮከስ የሚባለውን የሆስፒታል ባክቴሪያ አየ። ብዙ መድኃኒት የተላመዱት ዘሮች በብዛት ክሪስፐር የሌላቸው ሆነው ተገኙ። ዘበኛውን ያሰናበተው ተጠቀመ ማለት ነው። በተቃራኒው ከ1961 ጀምሮ ዓለምን እየዞረ ያለው የኮሌራ ዘር ትናንሽ ፕላስሚድ አይበረክትለትም። በ2022 የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች ፕላስሚድን እየለዩ የሚያጠፉ ሁለት መከላከያዎች ውስጡ አገኙ።

አሁን ወደ ሰው፣ ማለትም ወደ ቁርጥ ወዳጅ ቀንድ። የእኛ ሴል ዲኤንኤውን ኒውክለስ ውስጥ ቆልፎ ነው የሚያስቀምጠው። ስለዚህ የእኛ ዘበኛ ዋና ጥያቄው «ምን ተጽፎብሃል?» አይደለም። «እዚህ ምን ትሠራለህ?» ነው። ከኒውክለስ ውጪ፣ ሳሎኑ ውስጥ፣ ዲኤንኤ መታየት የለበትም። እዚያ የሚጠብቀው ፕሮቲን ሲጋስ ይባላል። በ2013 ዳላስ ውስጥ የዢጂያን ቼን ቡድን ነው ያገኘው። ዲኤንኤ ሲነካው መልእክተኛ ሞለኪውል ይሠራል፣ ያ ደግሞ ስቲንግ የሚባለውን ደወል ይደውላል። ሴሉ ኢንተርፌሮን የሚባል የማስጠንቀቂያ ፕሮቲን ይረጫል፣ ጎረቤቶች በራቸውን ይዘጋሉ። የሚገርመው ሲጋስ ፊደሉን አያነብም። የበሬም ይሁን የቫይረስ፣ የአንተም የራስህ ቢሆን፣ ቦታውን ከሳተ ደወሉ ይጮኻል።

ለዚህም ዋጋ እንከፍላለን። ትሬክስ1 የሚባል ጠራጊ ኢንዛይም አለን፣ ሥራው የወዳደቀ የራሳችንን ዲኤንኤ ከሳሎኑ ማጽዳት ነው። ይሄ ጂን ተበላሽቶባቸው የሚወለዱ ሕፃናት አሉ። አይካርዲ ጉቲዬር ይባላል በሽታው። ሕፃኑን ስታየው እናቱ ማህፀን ውስጥ ቫይረስ ያገኘው ይመስልሃል። ያለቅሳል፣ ያተኩሰዋል፣ የአንጎል ምስሉ ላይ ካልሲየም ይታያል፣ የጀርባ ፈሳሹ ውስጥ ኢንተርፌሮን ሞልቷል። ቫይረሱን ትፈልጋለህ፣ የለም። ደወሉ የሚጮኸው በገዛ ቤቱ ጥራጊ ነው።

አይዋጥልኝም | ማክሰኞ ጠዋት 1:50

ዶክተር፣ በቀጥታ ልጠይቅዎት። የኮቪድ ክትባት ዲኤንኤ ያስገባል ወይስ አያስገባም? አዎ ወይም አይደለም ይበሉኝ።

ሌሊት ተረኛ | ማክሰኞ ጠዋት 2:30

ከሥራ መውጫዬ ላይ ነኝ፣ በአጭሩ። ፋይዘርና ሞደርና አርኤንኤ ናቸው፣ የሚሠሩት ከኒውክለስ ውጪ ነው፣ አብዛኛውም በቀናት ውስጥ ይፈርሳል። እኛ አገር በ2013 ዓ.ም. መሰጠት የጀመረው አስትራዜኔካ ግን አዎ፣ ዲኤንኤ ነው። በጉንፋን ቫይረስ ተሸክሞ ኒውክለስ ውስጥ ይገባል። አልዋሽህም። ቫይረሱ ራሱን የሚያባዛበት ጂን ግን ተቆርጦ ወጥቷል፣ ወደ ክሮሞዞም መሰኪያ መሣሪያም የለውም። የላብ ልጅ እንዳለችው ነው፤ የሰው ሴል መባዛት የሚጀምርባቸውን ቦታዎች በየዙሩ አንዴ ብቻ ፈቃድ ይሰጣቸዋል። ፈቃድ የሌለው አይባዛም። በአጋጣሚ ቁርጥራጭ ዲኤንኤ የሚሰካበት ዕድል ከነጭራሹ ዜሮ ነው አልልህም፤ በዚህ ዓይነቱ የጉንፋን ቫይረስ በተያዝክ ቁጥርም ያው ዕድል አለ።

በእውነት ገብቶ መቅረት የሚችል ከፈለግክ ሌሎች አሉልህ። ኤችአይቪ የራሱን መሰኪያ ይዞ ይመጣል። ኤፕስታይን ባር የሚባለው ቫይረስ ደግሞ የራሱ መነሻ ቦታ አለው፣ ሴሉ ሲከፈል እንዳይቀር ራሱን በፕሮቲን ገመድ ክሮሞዞማችን ላይ ያስራል። አብዛኞቻችን እሱን ይዘን ነው የምንኖረው።

አይዋጥልኝም | ማክሰኞ ጠዋት 2:44

«አዎ» የሚል መልስ ሳገኝ የመጀመሪያዬ ነው። እግዜር ይስጥልኝ፣ እረፍት ያድርጉ።

ጡረተኛው መምህር | ማክሰኞ ማታ 1:10

ገብተው ስለቀሩት አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከሰው ዲኤንኤ 8 በመቶ ያህሉ በጥንት ዘመን ቅድመ አያቶቻችንን ካጠቁና በዚያው ተሰክተው ከቀሩ ቫይረሶች የመጣ ነው። አብዛኛው በብዙ ሜቲል ታሽጎ ዝም ተሰኝቷል። በእኛ ሴል ሜቲል እንደ ባክቴሪያው ይለፍ ማለት አይደለም፤ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ አፍ መዝጊያ ነው።

ከእነዚህ አንዱ ግን ዝም አላለም። ሲንሲቲን ይባላል። ቫይረሱ ከሴል ጋር ለመጣበቅ የሚጠቀምበት ፕሮቲን ነበር። ዛሬ እናት ስታረግዝ በእናትና በፅንስ መሃል ያለውን ሽፋን የሚሠሩትን ሴሎች የሚያጣብቃቸው እሱ ነው። በ2000 ነው የታወቀው። ያ ሽፋን ያለበትን አካል በአማርኛ ምን እንደምንለው ታውቃላችሁ፤ የእንግዴ ልጅ። አባቶቻችን ስለ ቫይረስ የሚያውቁት ነገር አልነበረም፣ ስሙ ግን እንዲህ ገጠመ።

የላብ ልጅ | ማክሰኞ ማታ 1:25

ጋሼ! ሰባት ዓመት በዚህ ሙያ ስሠራ ይሄን አያይዤው አላውቅም።

የፒያሳ ልጅ | ረቡዕ ቀን 9:00

ኮፍያው ይቅርብህ።

ቁርጥ ወዳጅ | ሐሙስ ማታ 3:20

ሁሉን ነገርኩት። ማኅተሙን፣ ጫፉን፣ ሳሎኑን፣ የእንግዴ ልጁን። ሥጋው ፊታችን እያለ ጓደኛዬ ሳይጎርስ ሃያ ደቂቃ ሰማኝ። መጨረሻ ላይ «ኮሶውስ?» አለ። የእሱን ድርሻ ጥብስ አደረግንለት።

ማስተርስ 2ኛ ዓመት | ሐሙስ ማታ 4:02

ዳም የሌለው ዘር ጎረቤት ላብ ውስጥ ተገኘ። ሰኞ አስገባሁት፣ ዛሬ ከሰዓት ቆረጥኩት፣ አሁን ጄሉን አየሁ። ሁለት መስመር! አንዱ ከላይ 4,300 ፊደል አካባቢ፣ አንዱ ከታች 900። መብራት እንዳይጠፋ እየጸለይኩ ነው የሮጠው።

የላብ ልጅ | ሐሙስ ማታ 4:06

እሰይ! ፎቶውን አሁኑኑ አንሳው፣ ዩቪ መብራቱ ላይ ብዙ አታቆየው። የዘሩን ስም ደብተርህ ላይ ጻፍ፣ አማካሪህ መጀመሪያ የሚጠይቅህ እሱን ነው።